አማቴን ስካን ያደረግንበት ሰሞን

አንዳንዱን ሰው የተወለደበት መንደር ይናፍቀዋል፤ አንዳንዱን የተማሪ ቤት ጓደኞቹ። እኔን የሚናፍቀኝን ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ ለዚሁ ብዬ ነው ወጌን የጀመርኩት። እኔን የሚናፍቀኝ አንድ ፕሪንተር ነው።

እንጅባራ በነበርንበት ጊዜ ነው፤ ባጃጅ ከተማውን በወረረበት፣ በእጁ ንክኪ ስልክ የያዘ ሁሉ ጎንበስ ብሎ መሄድ በጀመረበት ሰሞን። እኔና ባለቤቴ ይታይሽ በቀርከሃ የታጠረች የኪራይ ቤት ውስጥ እንኖር ነበር። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ስለሆነ ክረምት ሲገባ የምንነጋገረው በምልክት ነበር። ቤታችን ውስጥ ከአልጋው ቀጥሎ ትልቁን ቦታ የያዘው ያ ፕሪንተር ነው፤ ያትማል፣ ኮፒ ያደርጋል፣ ስካን ያደርጋል የተባለለት፣ ገመድ የማይፈልግ፣ ነጭ፣ ወፍራም ዕቃ። ቀኑን ሙሉ ጸጥ ብሎ ይውልና ማንም ሳይነካው ድንገት ጉርርር ይላል። ይታይሽ "ሆዱን የሚያመው እንግዳ" ትለው ነበር።

ያመጣልኝ አዲስ አበባ የሚሠራው ታናሽ ወንድሜ ነው። "አስተማሪ ሆነህ ፈተና ለማሳተም ለምን በየሱቁ ትንከራተታለህ?" ብሎ ከነካርቶኑ አምጥቶ ኮምፒውተሬ ላይ ጫነልኝ። ፕሪንተሩ የራሱ የሆነ ዋይፋይ አለው፤ ኮምፒውተሩ ያንን ይይዝና ወረቀቱ ይወጣል። የመጀመሪያው ወረቀት ሲወጣ ሳይ እጄን በሁለቱ መሃል አሳለፍኩ፤ የሆነ ነገር የሚነካኝ መስሎኝ። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ስለ ነፋስና ስለ ደመና ሳስተምር ኖሬአለሁ። ጽሑፍ ግን በአየር ላይ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲሻገር ያን ቀን ነው ያየሁት።

አልፎ አልፎ አላትምም ቢለኝም፣ ከዚያ በኋላ ልቤ አበጠ። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ወሬው ስለ ምንም ይሁን ስለ ምን ዞሮ ዞሮ "እኔ ቤት እኮ ገመድ የለም" በሚለው ያልቃል። አንዱ ባልደረባዬ መብራት የተቆረጠብኝ መስሎት አዝኖልኛል።

ይህ ጉራዬ ከእንጅባራ ሳይወጣ ቢቀር ኖሮ ምንም ባልሆንኩ ነበር። ጉራዬ ግን አባባ ፈንታ ዘንድ ደረሰ።

አባባ ፈንታ የይታይሽ አባት ናቸው። ከአዘና ወጣ ብላ ባለች መንደር የሚኖሩ ገበሬ ሲሆኑ፣ በጉልምስናቸው ዘመን ፈረስ ሲጋልቡ ያየ ሁሉ እስከ ዛሬ ያወራላቸዋል። ከልጃቸው ጋር የሚያወሩት በአገውኛ ነው። እኔ ሞጣ ተወልጄ ሞጣ ያደግሁ ስለሆንኩ አገውኛዬ ከሰላምታ አያልፍም፤ ሰላምታውንም ቢሆን ስናገር ልጆች ይስቁብኛል። ስለዚህ እኔን በአማርኛ፣ ያውም በአንቱታ ያነጋግሩኛል። በእሳቸው አገር አማች የሚከበር ነገር ነው፤ እኔንም ከነጉራዬ አክብረውኛል።

ሚስታቸው ደብሬ የሞተችው ይታይሽ ጡት ሳትጥል ነው። ይታይሽን አክስቶቿ አሳደጓት፤ የእናቷን መልክ አታስታውሰውም። በዚህ ዓለም ላይ ደብሬ ያለችበት ነገር አንዲት ፎቶግራፍ ብቻ ናት። ከክብሪት ቀፎ እምብዛም የማትበልጥ፣ ጥቁርና ነጭ፣ አንድ ገበያ ቀን እንጅባራ የመጣ ፎቶ አንሺ ያነሳት። ባልና ሚስት ከዳማ ፈረሳቸው ጋር ቆመዋል። ፎቶዋን አንድ ዘመድ ባሕር ዳር ወስጄ አስተልቃታለሁ ብሎ ተቀብሏቸው፣ ከብዙ ልመና በኋላ ሳያስተልቃት ጥጓን አስቀድዶ መልሷታል። ከዚያ ወዲህ አባባ ፈንታ ቃል ገቡ፦ ከእጄ አትወጣም። ማየት የፈለገ እሳቸው ቤት ሄዶ፣ እሳቸው እየያዙለት ያያል።

በዚያ ክረምት ይታይሽ አባቷን ጠይቃ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

"ሻጋታው ቀሚሷ ጋ ደርሷል" አለችኝ።

የአዊን ክረምት የማያውቅ ሰው ይኼ አይገባውም። ጫማችሁን አልጋ ሥር ከረሳችሁት አረንጓዴ ጠጉር አብቅሎ ይጠብቃችኋል። ቀበቶ ይሸብታል። ፎቶግራፍ ደግሞ ወረቀት ነው። ሻጋታው ከሥር ጀምሮ ወደ ላይ እየወጣ ነበር፤ የፈረሱን ሰኮና ጨርሶ የደብሬን ቀሚስ ጀምሯል። ፊቷ ጋ ለመድረስ አንድ ክረምት ቢበቃው ነው።

እኔም አንድ ጊዜ እንኳ ሳላስብ፣ "ምን ችግር አለው? ስካን እናደርጋታለን። አንዴ ኮምፒውተር ውስጥ ከገባች ሻጋታም ዝናብም አይነካትም፤ የፈለግነውን ያህል እናተልቃታለን" አልኩ።

ይታይሽ ቀና ብላ አየችኝ። ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያ አድርጋ አይታኝ አታውቅም። ለዚያ አስተያየት ስል እንኳን ፎቶ፣ አዘናን ከነገበያዋ ስካን አደርግ ነበር።

ችግሩ፣ ፕሪንተሩ ከመጣ ጀምሮ አንድም ቀን ስካን አድርጌበት አለማወቄ ነው።

ይታይሽ ብትልክባቸው አባባ ፈንታ ጥቂት ቀን ቆይተው በዝናብ መጡ። ጋቢያቸው ርሷል፣ ባርኔጣቸው ይንጠባጠባል፤ ደረታቸው ግን ደረቅ ነው፤ መንገዱን ሁሉ አጎንብሰው ነው የመጡት። ገና ሳይቀመጡ እጃቸውን ወደ ውስጥ ኪሳቸው ሰደዱና በላስቲክ የተጠቀለለች፣ ከላስቲኩ ውስጥ ደግሞ በነጭ ጨርቅ የታሰረች ነገር አወጡ።

"ይዣት መጥቻለሁ" አሉ። ፎቶዋን አላሉም።

እኔም የክብር እንግዳ እንደማስተናግድ የፕሪንተሩን መስታወት በንጹሕ ጨርቅ ወለወልኩ፣ ደብሬን በሁለት እጄ ተቀብዬ አስተኛኋት፣ ክዳኑን ቀስ ብዬ ዘጋሁና "ስካን" የሚለውን ተጫንኩ። አንዲት መብራት ብልጭ ድርግም አለች። ከዚያ በትንሿ መስኮት ላይ አንድ ጽሑፍ ወጣ።

"ምን ይላል መምህር?" አሉ አባባ።

"ኮምፒውተር አላገኘሁም ይላል።"

አባባ ፕሪንተሩን አዩት። ቀጥለው ጎኑ የተቀመጠውን ኮምፒውተር አዩት። በመሃላቸው ያለው አንድ ክንድ ቢሆን ነው።

"ይኼ ጎኑ ያለው ምንድን ነው ታዲያ?"

"ኮምፒውተር ነው።"

"አይታየውም?"

"በገመድ አልተገናኙም እኮ አባባ። በአየር ነው የሚነጋገሩት።"

"እና ገመድ ያድርጉላቸዋ!" አሉ፤ ይኼን ያህል ቀላል ነገር እንዴት ሳላስበው እንደቀረሁ ገርሟቸው።

ይታይሽ ሳቋን ዋጠች። እኔ ግን ገመድ መጠቀሙን እንደ ሽንፈት ቆጠርኩትና "ለጊዜው ኮፒ እናድርጋት" አልኩ። ኮፒ ያለ ኮምፒውተርም ይሠራል። ተጫንኩ፤ ፕሪንተሩ ጉርርር አለ፣ በክዳኑ ሥር ብርሃን ሲያልፍ አባባ "ፊቷን!" ብለው ብድግ አሉ፣ አረጋጋናቸው፣ ወረቀቱ ወጣ።

ለካስ በዚያ ብርድ ቀዩ ቀለም ደርቆ ኖሯል። ባል አረንጓዴ፣ ሚስት አረንጓዴ፣ ፈረሱም አረንጓዴ ሆነው ወጡ። ያቺ የቀሚሷ ሻጋታ ብቻ ናት መልኳን ያገኘችው።

አባባ ወረቀቱን አራቁት፣ አቀረቡት።

"መምህር" አሉ በመጨረሻ በትሕትና፣ "ደብሬ እኮ ቀይ ነበረች።"

ወረቀቱን አጠፍኩት።

"ፈረሱም ዳማ ነው" አሉ ቀጥለው፤ ምናልባት እሱንም ያላወቅሁ መስሏቸው።

ክብሬን ዋጥ አድርጌ ገመድ ከጎረቤት መምህር ተዋስኩ። አባባ ሁለቱን ዕቃዎች በገመድ ሳገናኝ "ይኸዋ!" ብለው ደስ አላቸው። ኮምፒውተሩ ግን "ይህን ዕቃ አላውቀውም" የሚል ጽሑፍ አወጣ። ያን ሁሉ ወራት በአየር ሲያወራው የከረመውን ጎረቤቱን፣ በገመድ ሲያስሩት ካደው።

የትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር መምህር ጌታሁን ለክረምት ዕረፍት ባሕር ዳር ነበር፤ ደወልኩለት።

"ወንድምህ የማተሚያውን ፕሮግራም ብቻ ነው የጫነልህ" አለኝ። "የስካኑ ለብቻው ነው። ከካርቶኑ ውስጥ አንድ ሲዲ ነበር አይደል? እሱን ክተትና ጫን፤ አለቀ።"

"ከኢንተርኔት ማውረድ አይቻልም?"

ጌታሁን ሳቀ። እንጅባራ ለረዥም ጊዜ ኖሯል፤ ኔትወርኩን ያውቀዋል።

ቢስቅም ሞከርኩ። ከአጥራችን ጀርባ አንድ ፔንሲዮን ነበር፤ የዋይፋዩን ቁልፍ ቃል ካሸሯ አንድ ቀን ሻይ ስጠጣ ነግራኝ አልፎ አልፎ እጠቀምበት ነበር። ገመዱን ለባለቤቱ መልሼ፣ ኮምፒውተሬን ከፕሪንተሩ አላቅቄ ከፔንሲዮኑ ዋይፋይ ጋር አገናኘሁትና ማውረድ ጀመርኩ። ከሰዓቱን በሙሉ ሦስታችን ተደርድረን አንዲት አረንጓዴ መስመር ስትሳብ ስናይ ዋልን። አባባ በሬ ሲያርስ እንደሚያይ ሰው "አይዞህ፣ አይዞህ" ይሏታል። ሊያልቅ ጫፍ ሲደርስ ዝናቡ በረታ፣ ኔትወርኩ ሄደ፣ መስመሯም ወደ መነሻዋ ተመለሰች። እንደገና ጀመርን። እንደገና ጫፍ ላይ ስትደርስ መብራት ሄደ።

"ሲዲውን ፈልጊ እስኪ" አልኳት ይታይሽን። "ከካርቶኑ ውስጥ መሆን አለበት።"

ካርቶኑ ውስጥ ዶሮአችን ታቅፋ ተኝታለች። ብናነሳት እየተቆጣች እጄን ቆነጠረችኝ፤ ከሥሯ ግን ከዕንቁላልና ከገለባ በቀር ምንም የለም።

ይታይሽ ድንገት ቆም አለች። "ያ የሚያብለጨልጨው? ክቡ?"

"እሱ! የት አለ?"

"ለሙላት ሰጠሁት እኮ።"

ሙላት ጎረቤታችን የነበረ የባጃጅ ሹፌር ነው። በዚያን ጊዜ ባጃጅ ያለ ሲዲ አይታሰብም ነበር፤ ከፊት መስታወቱ ላይ አንጠልጥለውት ፀሐይ ሲያገኘው የቀስተ ደመና ቀለም ይረጫል። ሙላት ሲዲውን ደጃፋችን ላይ ሲያየው ወደደው፤ ይታይሽም ማንም የማይፈልገው ነገር መስሏት ሰጠችው። ሙላት ደግሞ ከዚያ ወዲህ አግብቶ፣ ከነባጃጁ ሚስቱ አገር ዳንግላ ገብቷል። ስልኩን ብንደውል ብንደውል አይነሳም።

"ዳንግላ ቅርብ ነው" አሉ አባባ፣ ተነስተው ባርኔጣቸውን እየፈለጉ።

"አባባ፣ እርስዎ እዚሁ ይረፉ፤ እኔ ነገ በጠዋት ሄጄ አመጣዋለሁ። እሷም እዚሁ ትቆይ።"

"አብረን ነው የምንሄድ። ሲዲውን ሲያገኙት ሌላ ቦታ መሄድ ቢያስፈልግስ?" አሉ። ደረታቸውን ዳበስ አደረጉ። "እሷም ዳንግላን ካየች ቆየች።"

ይታይሽ ዶሮዋንና ቤቱን ጠብቃ ቀረች፤ እኛ በማግስቱ ጠዋት በሚኒባስ ተነሳን።

አሁን ሳስበው ያን ቀን የሚያህል ቀን ብዙ የለኝም። ዝናቡ አባርቶ ነበር። መስኩ ሁሉ ውሃ አቁሮ ያብለጨልጫል፣ ፈረሶች ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ ገብተው ይግጣሉ። ሚኒባሱ ውስጥ እንደተለመደው ሰው በሰው ላይ ተጭነናል። ረዳቱ "ፋዘር፣ ትንሽ ጠጋ በሉ" ይላል፤ አባባ ይጠጋሉ፣ ግን ቀኝ እጃቸው ከደረታቸው አይላቀቅም። አጠገባቸው የተቀመጡ አንዲት ሴት ብዙ ካዩዋቸው በኋላ አዘኑላቸው።

"ልብዎን ያምዎታል አባቴ?"

"የለም" አሉ አባባ። "ሚስቴ ናት።"

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

አዲስ ቅዳም ስንደርስ ሚኒባሱ ሰው ለማውረድ ቆመ። ከመንገዱ ዳር የከሰል ጆንያ ተደርድሯል። አባባ በመስኮት እያዩ ማንም ሳይጠይቃቸው ማውራት ጀመሩ።

"ፎቶ አንሺው አልፈለገም ነበር" አሉኝ። "ሰው ነው የማነሳው፣ ፈረስ አይገባልኝም አለ። ፈረሱ ካልገባ እኔም አልገባም አልኩት። ደብሬ ምን አለች መሰለዎ? 'እንግዲያማ እኔና ፈረሱ እንነሳና እሱ ይቅር' አለችው። ገበያተኛው ሁሉ ሳቀብኝ። ፎቶ አንሺው ወደ ኋላ ሄደ፣ ሄደ፣ ድንች የምትሸጥ ሴት ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ለዚያ ነው እንዲህ ያነስን። ፈረሱን ለማስገባት ብሎ ነው።"

እጃቸውን ደረታቸው ላይ እንዳደረጉ ቀጠሉ። "አሁንማ ዓይኔም ደክሟል። እሷ የቱ ጋ እንደቆመች ስለማውቅ ነው እንጂ፣ ፊቷ አይታየኝም። ብርሃን ነገር ብቻ ነው የማይ።"

እኔ እስከዚያ ድረስ ነገሩ የይታይሽ ጉዳይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እሳቸውም ለካ ፊቷን ካዩ ቆይተዋል። ያን ሁሉ ዘመን ይዘዋት የሚዞሩት በልምድ ነበር። ሚኒባሱ ተነሳ፤ እኔም እስከ ዳንግላ ድረስ ቀልድ አላማረኝም።

ዳንግላ ስንወርድ ግን ቀልዱ ራሱ መጣብኝ። ከመናኸሪያው በር ላይ ባጃጆች ተሰልፈዋል፤ ሁሉም መስታወት ላይ ሲዲ ተንጠልጥሏል። ሙላት የት እንደሚሠራ ብንጠይቅ አንዱ ገበያው ጋ፣ ሌላው ሆስፒታሉ ጋ ይለናል። አባባ ግን ሙላትን ከመፈለግ ሲዲውን መፈለግ ይሻላል ብለው ወሰኑ። ወደ እያንዳንዱ ባጃጅ ጎንበስ እያሉ፣ "ልጄ፣ እስኪ ያንን የምታንጠለጥለውን ለመምህር አሳየው" ይላሉ። እኔም ሲዲውን ገልብጬ አነባለሁ። የሰርግ ቪዲዮ አገኘሁ። መዝሙር አገኘሁ። የእንግሊዝኛ ማስተማሪያ አገኘሁ። አንዱ ሹፌር ተቆጣጣሪ መስለነው መንጃ ፈቃዱን አወጣ። ሌላው ደግሞ ጉዳያችንን ሲሰማ ለጓደኛው ጮክ ብሎ፣ "እኚህ አባት ሚስታቸውን የሚያስገቡበት ሲዲ ጠፍቷቸው ነው!" አለና መናኸሪያው ሁሉ ሰማ።

የሰማው ሁሉ ይፈልግልን ጀመር። በዚህ ነው ሙላት የተገኘው። ባጃጁን እያስጮኸ መጥቶ ፊታችን አቆመ፤ ስልኩ ውሃ ገብቶበት ኖሯል። ሲያየኝ ደስ ብሎት ዘሎ ወረደና ጉልበት ሊስም አባባ ላይ ተደፋ።

ሲዲው ከመስታወቱ ላይ እየተሽከረከረ ነው። ሊያብረቀርቅ የሚገባው ጎኑ ያብረቀርቃል። ጽሑፍ የነበረበት ጎኑ ላይ ግን ሙላት የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል ከነፈረሱ ከነዘንዶው አጣብቆበታል።

ጉዳዩን ነገርኩት። የሙላት ፊት ከበድ አለ። ወደ ሲዲው አየ፣ ወደ እኔ አየ።

"ጋሼ፣ ሌላ ነገር ቢሆን ዓይኔን አላሽም። ግን ይኼን ከሰቀልኩ ወዲህ አንድም ቀን አልተገለበጥኩም። ሚስቴም እሱ ከሌለ አትወጣም ትለኛለች።"

ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር ሙግት አልገጥም። በዚህ መሃል አባባ ፈንታ እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሰደዱ። ላስቲኩን ፈቱ። ጨርቁን ፈቱ። በሰው አገር፣ በመናኸሪያ መሃል፣ ለማያውቁት ሰው ፎቶዋን አወጡ። ከእጃቸው ግን አላወጧትም፤ ሙላት ነው ጎንበስ ያለው።

"ይቺ ናት" አሉ። "ልጇ አታውቃትም። እንድታያት ብለን ነው።"

ሙላት ኮፍያውን አወለቀ። ብዙ አያት፤ ጣቱን ወደ ቀሚሷ ዘርግቶ ሻጋታውን ሳይነካው መለሰ። ከዚያ ሄዶ ሲዲውን ከመስታወቱ ላይ ፈታና በሁለት እጁ ለአባባ ሰጣቸው።

"ዛሬ ቀስ ብዬ እነዳለሁ" አለ።

የሰርግ ቪዲዮ የያዘው ሹፌር ወዲያው የራሱን አውልቆ ሰጠው። ሙላት የማያውቀውን ሙሽራ ሰቅሎ ተነሳ፤ ሚስቱን ምን ብሎ እንዳሳመናት አላውቅም።

ቤት የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ይታይሽ በሩ ላይ ጠበቀችን። ኮምፒውተሩን ከፍቼ የሲዲውን ማስገቢያ ብጫነው ምላሱን አወጣ። ሲዲውን ላስቀምጥ ስል አባባ ክንዴን ያዙኝ።

"እዚህ ውስጥ ነው የሚያስገቡት?"

"አዎ አባባ።"

"ሊዘጋበት?"

"ለጥቂት ጊዜ ነው። ይወጣል።"

አማተቡና ለቀቁኝ። ሥዕሉ ስላወፈረው ሲዲው በውስጥ ሲሽከረከር ጠረጴዛው ሁሉ ተንቀጠቀጠ፤ ድግድግ፣ ድግድግ ይላል። የሚሰባበር መስሎኝ ላብ አጠመቀኝ። አባባ ጆሯቸውን አቅርበው አዳመጡና ፊታቸው በራ።

"አይዞዎት መምህር" አሉኝ። "ፈረሱ ነው። እየጋለበ ነው።"

እውነትም ጋልቦ ጨረሰ። ተጫነ። ስካን የሚለው ሥዕል ኮምፒውተሩ ላይ ወጣ። ደብሬን አስተኝቼ፣ ትንፋሼን ይዤ ተጫንኩ።

"ስካነር አልተገኘም።"

እዚህ ላይ የተናገርኩትን ለአማት ክብር ስል አልደግመውም። ኮምፒውተሩን አጠፋሁ፣ አበራሁ። ፕሪንተሩን አጠፋሁ፣ አበራሁ። ቦታ ለዋወጥኳቸው። ፕሪንተሩን ወደ ኮምፒውተሩ አዞርኩት፤ አባባም "እንዲያ ነው፣ ፊት ለፊት ይተያዩ" ብለው አበረታቱኝ። አልተገኘም። አልተገኘም። ወንበሩ ላይ ተዘረርኩ። ዳንግላ ድረስ የሄድንበት፣ ሙላትን ያለ ጠባቂ ያስቀረንበት ነገር ሁሉ በፊቴ አለፈ። አባባ ተነስተው ክዳኑን ከፈቱና ፎቶዋን ወደ ጨርቋ ይጠቀልሏት ጀመር።

"መምህርን አይድከማቸው" አሉ ለልጃቸው፤ ለእኔ አዝነው። "ለኛም እንዲሁ እንዳለች ትብቃን።"

ይታይሽ ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ ነበር።

"ይኼ ከታች የተጻፈው የፔንሲዮኑ ስም አይደለም እንዴ?"

አየሁ። ነው። ትናንት ከሰዓት ለማውረድ ብዬ ያገናኘሁት ኮምፒውተር አሁንም ከፔንሲዮኑ ጋር ነው። ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ ፕሪንተሩ እየጮኸ ሲጠራው፣ እሱ አጥር ዘሎ ሰው ቤት ተቀምጧል። ለካ ከወራት ጀምሮ አንድ ቀን ሲያትም አንድ ቀን እንቢ የሚለኝ በዚሁ ነው።

"ጎረቤት ሄዶ ነው!" አልኳቸው አባባን።

"አላልኩም በገመድ ይታሰር!" አሉ አባባ።

ከፔንሲዮኑ አላቀቅሁት። ከፕሪንተሩ ጋር አገናኘሁት። ፎቶዋን ለምነን ከጨርቋ አስወጣናት። ተጫንኩ።

ብርሃኑ በክዳኑ ሥር ቀስ ብሎ ተጓዘ። ስክሪኑ ላይ ከላይ ወደ ታች እንደ መጋረጃ እየተፈታ ይመጣ ጀመር። መጀመሪያ ሰማይ። ቀጥሎ የፈረሱ ጆሮዎች። አባባ የፈረሱን ስም ጠሩ። ቀጥሎ ባርኔጣ፤ ከባርኔጣው ሥር ደረቱን ነፍቶ የቆመ ጎረምሳ፣ አባባ ራሳቸው፣ ሁላችንም ሳናውቀው የሳቅንበት። ከዚያ ደብሬ መጣች። መጀመሪያ ጠጉሯ። ነፋስ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርዶት ትከሻዋ ላይ ቀርቷል። ከዚያ ግንባሯ። ዓይኖቿ። አፏ። ፊቷን አተለቅሁት፤ ስክሪኑን ሞላችው።

ይታይሽ ወንበሩን ስባ ተጠጋች። አላለቀሰችም፤ ተገረመች።

"ልጅ ናት" አለች። "ልጅ እኮ ናት! እኔ እናቴን ሳስባት ትልቅ ሴት ነበር የማስበው።" ጣቷን በእናቷ ጉንጭ ላይ አሳለፈች። "በልጫታለሁ። እኔ እኮ ታላቋ ነኝ።" ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው።

አባባ ፈንታ ቀስ ብለው ተነሱ። ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ። ወደ ስክሪኑ ተጠግተው ዓይናቸውን አጥብበው አዩ፣ ወደ ኋላ ራቅ ብለው አዩ። ያን ሁሉ ዘመን በእርጅናቸው ልክ አብራቸው ያረጀች መስሏቸው ኖሮ ይሆናል፣ አፍረው እጃቸውን በሸበተ ጢማቸው ላይ አሳለፉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በአገውኛ አንዲት ነገር አሏት።

ይታይሽ እያለቀሰች ሳቋ አመለጣት። አፏን በሁለት እጇ ያዘች፤ አልሆነላትም፣ ትከሻዋ ይርገፈገፋል።

"ምን አሏት?" አልኩ።

እንባዋን ጠረገች። "'ነጠላሽን ሳብ አድርጊ እንጂ፤ አማች ፊት ነው ያለሽው' አላት።"

እኔም እንደ ደንቡ ከወንበሬ ተነሳሁና ለአማቴ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ።